ከመርከቡ ያልወረደው አዛዥ

በአንበሳሜ ለመምህራንና ለአገር ሽማግሌዎች የተነገረ ንግግር



ዛሬ የምነግራችሁ ስለ ባሕር ጦርነትና ስለ አንድ የጦር መርከብ አዛዥ ነው። ደራና ፎገራ፥ እስቴና ደብረ ታቦር ከባሕር ጠረፍ እጅግ የራቁ አገሮች ናቸውና፥ «እኛ ከጣና በቀር ባሕር አናውቅ፥ ከታንኳ በቀር መርከብ አላየን፤ ይህ ነገር ምን ይጠቅመናል» የሚል ቢኖር አልፈርድበትም። ነገር ግን በ1933 ዓ.ም. በቀይ ባሕር ላይ የሆነው ነገር፥ በዚያው ዓመት በሰኔ በደብረ ታቦር፥ በተከታዩም ዓመት በኅዳር በቁልቋል በርና በጎንደር ለሆነው ነገር አንዱ ምክንያት ነበረ። ከዚህም የሚበልጥ ጥያቄ አለ፤ ይኸውም፦ ጠላታችን የነበረ ሰው የሚያስከብር ሥራ ሠርቶ ቢገኝ፥ ያንን ለልጆቻችን እናስተምረዋለን ወይስ እንሸሽገዋለን የሚለው ነው። ለሚያስተምርና ለሚመክር ሰው ይህ ጥያቄ ቀላል አይደለም።

አስቀድሜ ስለ መርከቡ ልንገራችሁ። በዚያ ዘመን መንግሥታት በባሕር ላይ የሚያሰልፏቸው የጦር መርከቦች ብዙ ዓይነት ነበሩ። አንዳንዱ ብረቱ ወፍራም፥ መድፉ ትልልቅ፥ እንደ ተንቀሳቃሽ ምሽግ ያለ ነው። አንዳንዱ ሰርጓጅ ነው፤ በውኃ ውስጥ ተሸሽጎ ይሄዳል። ከነዚህ ሌላ ፈረንጆች ዲስትሮየር የሚሉት አለ፤ ትርጓሜውም አጥፊ ማለት ነው። ይህ መርከብ ሰውነቱ ቀጭን፥ ብረቱ ስስ፥ ሩጫው ፈጣን ነው። በምድር ጦር ብንመስለው፥ እግረኛውን የሚጠብቅና ቀድሞ የሚሰልል ፈረሰኛ ማለት ነው። ሥራው የጭነት መርከቦችን ማጀብ፥ ሰርጓጆችን ማደን፥ በሌሊትም ወደ ጠላት ቀርቦ ቶርፔዶ መወርወር ነው። ቶርፔዶ የሚባለውም በገዛ ሞተሩ በውኃ ውስጥ እየሮጠ የመርከብን ጎን የሚበሳ ፈንጂ ነው።

ፍራንቼስኮ ኑሎ የተባለው የኢጣልያ ዲስትሮየር በ1910ዎቹ ዓመታት ማብቂያ ላይ በአድርያቲክ ባሕር ዳር በፊዩሜ ከተማ የተሠራ ነበረ። ርዝመቱ 90 ሜትር ያህል ነው፤ አፋቸው 120 ሚሊሜትር የሆነ 4 መድፎችና 6 የቶርፔዶ መወርወሪያዎች ነበሩት። ስሙን ያገኘው ከአንድ ኢጣልያዊ አርበኛ ነው። ያ ሰው ከጋሪባልዲ ጋር ሆኖ ስለ ኢጣልያ አንድነት ከተዋጋ በኋላ፥ የፖሎኝ ሕዝብ በሩስያ ንጉሥ ላይ በተነሣ ጊዜ ሊረዳቸው ሄዶ በ1855 ዓ.ም. በዚያው በሰው አገር ስለ ሰው ነፃነት ሞተ። ያን ጊዜ በእኛ አገር ዐፄ ቴዎድሮስ ይነግሡ ነበር። እንግዲህ ስለ ሌላ ሕዝብ ነፃነት የሞተ ሰው ስም የተጻፈበት መርከብ፥ የሌላውን ሕዝብ ነፃነት ለነጠቀ መንግሥት ሲያገለግል ተገኘ። ይህን ነገር በልባችሁ አኑሩት፤ በኋላ እመለስበታለሁ።

የመርከቡ አዛዥ ኮስታንቲኖ ቦርሲኒ ይባል ነበር። የኢጣልያ የባሕር ኃይል መኮንኖች በሚሠለጥኑበት በሊቮርኖ ትምህርት ቤት ተምሮ፥ ከማዕረግ ወደ ማዕረግ እያለፈ፥ በምድር ጦር ከሻለቃ ጋር ለሚተካከል ማዕረግ የበቃ ነው። ጦርነቱ ሲነሣ ዕድሜው ገና በሠላሳዎቹ ውስጥ ነበረ። የሚያገለግለው ግን ቪንቼንሶ ቻራቮሎ የሚባል ከናፖሊ አካባቢ የመጣ ወጣት መርከበኛ ነበር። የሁለቱ ታሪክ አንዱ ካንዱ ሊለይ የማይችል ስለ ሆነ የአሽከሩንም ስም ከጌታው ስም ጋር እንያዝ።

አሁን ደግሞ የዘመኑን ሁኔታ እንመልከት። ኢጣልያ ምፅዋን የያዘችው በ1877 ዓ.ም. ነው። በ1928 ዓ.ም. አገራችንን ልትወር በተነሣች ጊዜ፥ ወታደሩም መኪናውም መድፉም የመርዝ ጢሱም የገባው ከሁሉ ይልቅ በዚያ ወደብ ነበረ። ስለዚህ ምፅዋ ለወራሪው ጦር እንደ ጉሮሮ ነበረች ማለት ይቻላል። ሰኔ 3 ቀን 1932 ዓ.ም. ኢጣልያ ከጀርመን ጋር ሆና በእንግሊዝና በፈረንሳይ ላይ ጦርነት ባወጀች ጊዜ ግን ነገሩ ተገለበጠ። የስዊዝ ቦይ በእንግሊዝ እጅ ነበርና፥ በኢትዮጵያ፥ በኤርትራና በሱማሌ ያለው የኢጣልያ ጦር ከአገሩ ተቆረጠ። በምፅዋ ወደብ የነበሩት 7 ዲስትሮየሮችና 8 ሰርጓጆች ነዳጃቸው እያለቀ፥ የሚተካላቸው ሳይመጣ፥ እንደ ተከበበ አምባ ሰው ሆኑ።

በዚያው ጊዜ እንግሊዞች ከሕንድ ውቅያኖስ በኤደን በኩል ወደ ስዊዝ ወታደርና ስንቅ፥ ነዳጅና መሣሪያ የጫኑ መርከቦችን በቡድን በቡድን ያሳልፉ ነበር። የኢጣልያ የባሕር ኃይል ሥራ ይህን መንገድ መዝጋት ነበረ። እነሱ መንገዱን ቢዘጉት ኖሮ በግብጽ የነበረው የእንግሊዝ ጦር ይጎዳ፥ ለኢትዮጵያም ነፃነት ሊመጣ ያለው ርዳታ ይዘገይ ነበር።

ከጥቅምት 10 ወደ 11 ቀን 1933 ዓ.ም. በሚያነጋው ሌሊት፥ ከ30 የሚበልጡ የጭነት መርከቦች በእንግሊዝ ወገን የጦር መርከቦች ታጅበው ወደ ሰሜን ያልፉ ነበር። ከአጃቢዎቹ መካከል ሌአንደር የሚባል ትልቅ የጦር መርከብና ኪምበርሌይ የሚባል ዲስትሮየር ነበሩ። ከምፅዋ የወጡ 4 የኢጣልያ ዲስትሮየሮች በጨለማ አደጋ ጣሉ፤ ቶርፔዶም ወረወሩ፤ ነገር ግን አልቀናቸውም። በውጊያው መካከል የኑሎ መሪ ታወከና መርከቡ ከጓደኞቹ ተለየ። ጎሕ ሲቀድ ብቻውን ወደ ምፅዋ ሲመለስ፥ ከዳህላክ ደሴቶች ወገን በሆነችው በሐርሚል ደሴት አጠገብ ኪምበርሌይ ደረሰበት።

ሁለቱ መርከቦች በመድፍ ተታኰሱ። በደሴቲቱ ላይ የነበረው የኢጣልያ መድፈኛ ኪምበርሌይን መታው፤ የሞተሩም ኃይል ተሰብሮ መርከቡ ቆመ፤ በኋላ ሌአንደር እየጎተተ ወደ ፖርት ሱዳን አደረሰው። ነገር ግን ኪምበርሌይ ከዚህ በፊት ኑሎን በመድፍ አቁስሎት፥ በቶርፔዶም ጎኑን ሰብሮት ነበርና፥ ኑሎ የሚድን አልሆነም። ያን ጊዜ ቦርሲኒ መርከበኞቹ መርከቡን ለቀው ነፍሳቸውን እንዲያድኑ አዘዘ። ትእዛዙም ተፈጸመ፤ ብዙዎቹ ወደ ደሴቲቱ ወጥተው ዳኑ። አዛዡ ግን ከመርከቡ አልወረደም። አሽከሩ ቻራቮሎ ከሚድኑት ጋር ሄዶ ሳለ፥ ጌታው እንደ ቀረ ባየ ጊዜ ወደ መርከቡ ተመለሰ። ሁለቱም ከመርከቡ ጋር ሰጠሙ። መንግሥታቸውም ከሞቱ በኋላ ለሁለቱም የጀግንነት የወርቅ ሜዳይ ሰጣቸው፤ ይህም ለመኮንኑና ለተራው መርከበኛ ያለ ልዩነት የተሰጠ፥ በኢጣልያ ከሁሉ የሚበልጠው የጦር ክብር ነው። የኢጣልያ ባሕር ኃይልም በኋለኛው ዘመን አንድ የቅኝት መርከብ በቦርሲኒ ስም ሰይሟል።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ባጭሩ ልንገራችሁ። መጋቢት 18 ቀን 1933 ዓ.ም. ከረን ተያዘች። በዚያው ወር በምፅዋ የቀሩት 6 ዲስትሮየሮች ለመጨረሻ ጊዜ ሊወጡ ሲሉ አንዱ ከዐለት ተጋጭቶ ጠፋ፤ ሁለቱን መጋቢት 25 ቀን አውሮፕላኖች አሰጠሟቸው፤ ሦስቱን የገዛ መርከበኞቻቸው በዐረብ አገር ጠረፍ አሰጠሟቸው። መጋቢት 30 ቀን ምፅዋ እጇን ሰጠች። ከሦስት ቀን በኋላ የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ሩዝቬልት ቀይ ባሕር ከእንግዲህ የጦርነት ሥፍራ እንዳይደለ አስታወቁ፤ የአሜሪካም የጭነት መርከቦች እስከ ስዊዝ ድረስ መሣሪያና ስንቅ ለማመላለስ መንገድ አገኙ።

እንግዲህ በደብረ ታቦር ምሽግ ውስጥ የነበረው የኢጣልያ ጦር ከባሕር በኩል የሚመጣለት ጥይት፥ ነዳጅም፥ መድኃኒትም አልነበረውም። በዙሪያው ያሉት አርበኞች ደግሞ እንቅልፍ አልሰጡትም። በሰኔ ወር ማብቂያ 1933 ዓ.ም. እጁን ሰጠ። በጣናና በተራራው መካከል ያለችው የቁልቋል በር ምሽግ ኅዳር 12 ቀን 1934 ዓ.ም.፥ በቅዱስ ሚካኤል ዕለት ተያዘች፤ ኅዳር 18 ቀን ጀኔራል ናሲ በጎንደር እጃቸውን ሰጡ። ይህን ስል የአርበኞችን ድካም ለባሕር መርከብ ሰጥቼ አይደለም። አምስት ዓመት ሙሉ በዱር በገደል ደሙን ያፈሰሰው ሕዝብ ባይኖር ኖሮ፥ የባሕሩ መዘጋት ብቻውን አገር ነፃ አያወጣም ነበር። ነገር ግን ተማሪዎች የአገራቸው ታሪክ ከዓለም ታሪክ ጋር እንደ ድርና ማግ የተያያዘ መሆኑን ሊያውቁ ይገባል። በሐርሚል ደሴት የተተኰሰ መድፍ ድምፁ እዚህ አይሰማም፤ ውጤቱ ግን እስከዚህ ደርሷል።

አሁን ወደ ጥያቄው እመለሳለሁ። ከእናንተ መካከል፥ «አባቶቻችንን በመርዝ ጢስ የፈጀ፥ የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ሕዝቡን በአካፋና በእሳት የጨረሰ መንግሥት መኮንን እንዴት ለልጆቻችን ምሳሌ ይሆናል» የሚል ሽማግሌ ቢኖር፥ ንግግሩ እውነት የሞላበት ነው። እኔም እንዲህ ያለውን ቁጣ ላበርድ አልመጣሁም። ቁጣው ግን ማስተዋልን እንዳይሸፍንብን ሦስት ነገር ለይተን እንይ።

መጀመሪያው፥ ጀግንነትና ጽድቅ አንድ እንዳልሆኑ ነው። ሰው ደፋር ሆኖ የግፍ ሥራ ሊያገለግል ይችላል፤ ለአለቃው ታማኝ ሆኖ አለቃው በዳይ ሊሆን ይችላል። ቦርሲኒ ለመርከበኞቹ መልካም አዛዥ ነበረ፤ የተሰለፈበት ነገር ግን ግፍ ነበረ። አንዱ ሌላውን አይፍቀውም። ስለዚህ ነው የመርከቡን ስም በልባችሁ አኑሩት ያልኋችሁ። ሰውየው ኑሎ ስለ ሰው ነፃነት ሞተ፤ መርከቡ ኑሎ የሰውን ነፃነት ለሚገፋ መንግሥት ሰጠመ። ያማረ ስም መልካም ዓላማ አይሆንም፤ ድፍረትም ብቻውን ዓላማን አያነጻም። ተማሪ ይህን ከተማረ፥ አድጎ ወታደር ወይም ሹም በሆነ ጊዜ፥ «እንዴት አድርጌ ላገልግል» ብቻ ሳይሆን፥ «ምንን ነው የማገለግለው» ብሎ ራሱን ይጠይቃል።

ሁለተኛው፥ ከዚህ ሰው ልንወስደው የሚገባው የሥራው ተራ ነው። መርከቡ በተሰበረ ጊዜ መጀመሪያ ያሰበው የሚታዘዙትን ማዳን ነው፤ ስለ ራሱ ያለው ነገር የኋላ ኋላ መጣ። እናንተ በክረምት ጉማራ ሲሞላ ሰው ሲሻገር ታያላችሁ። መንገድ መሪው ጥልቀቱን ለመለካት ቀድሞ ይገባል፤ ሁሉም እስኪሻገር ድረስ ግን ከውኃው አይወጣም። የአለቃነት ትርጉሙ ይኸው ነው። ትምህርት ቤት ቢቃጠል መጨረሻ የሚወጣው መምህሩ ነው፤ በራብ ዘመን መጨረሻ የሚበላው የቤቱ ጌታ ነው፤ የእድር ወይም የማኅበር ገንዘብ ሲከፋፈል መጨረሻ የሚቀበለው ገንዘብ ያዡ ነው። ስንት ሹም ነው በሹመቱ ጊዜ ቀድሞ ተቀምጦ፥ በመከራው ጊዜ ቀድሞ የሚወርደው!

በዚህ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ እጨምራለሁ። የመርከብ አዛዥ መጨረሻ ይወርድ ዘንድ ግዴታው ነው፤ ከመርከቡ ጋር ይሞት ዘንድ ግን ግዴታው አይደለም። ነፍስ ከእግዚአብሔር የተሰጠች ናት፤ ብረትም ሌላ ይሠራል። ብዙ አዛዦች መርከባቸው ከሰጠመ በኋላ ድነው፥ ሌላ መርከብ ይዘው አገራቸውን አገልግለዋል። ስለዚህ መምህራን ይህን ታሪክ ስታስተምሩ፥ የሞቱን ነገር ሳይሆን ሰዎቹን ያዳነበትን ትእዛዝ ከፍ አድርጋችሁ አሳዩ። አዛዡ መቅረት ነበረበት ወይስ አልነበረበትም የሚለውን ለተማሪዎቹ ተዉላቸው፤ ይከራከሩበት። አሽከሩም በፈቃዱ ተመለሰ እንጂ ማንም አላዘዘውም። ፍቅር የሠራውን ሥራ ሕግ አድርገን በሌላው ላይ ልንጭነው አይገባንም።

ሦስተኛው ከሁሉ ይበልጣል፤ ይኸውም የመምህር ሀብቱ እውነት መሆኑ ነው። ለልጅ፥ «ጠላታችን ሁሉ ፈሪ፥ ሁሉ ወራዳ ነበረ» ብለን ብናስተምረው፥ አንድ ቀን አድጎ መጽሐፍ ሲያነብ የቦርሲኒንና የቻራቮሎን ታሪክ ያገኛል። ያን ጊዜ፥ «መምህሬ በዚህ ከዋሸኝ፥ ስለ መርዝ ጢሱና ስለ የካቲት 12 የነገረኝስ እውነት ይሆን» ብሎ ይጠራጠራል። በትንሹ ነገር ብንዋሽ በትልቁ ነገር የምንታመንበትን አፍ እናጣለን። እውነትና ንጋት እያደረ ይጠራል፤ ስለዚህ ሳይጠራብን እኛው እናጥራው።

ደግሞ ነገሩን ገልብጠን እንየው። ከዚህ ከደብረ ታቦር አጠገብ በጋፋት፥ ዐፄ ቴዎድሮስ በ1859 ዓ.ም. ሴባስቶፖል የተባለውን መድፍ አሠሩ፤ 70 ኩንታል ያህል የሚመዝነውን ብረት ሕዝቡ በተራራና በገደል ጎትቶ እስከ መቅደላ አደረሰው። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. እንግሊዞች መቅደላን በያዙ ጊዜ፥ ንጉሡ እጃቸውን ከሚሰጡ ብለው ሽጉጣቸውን ጠጡ፤ አሽከራቸው ወልደ ገብርም እስከ መጨረሻው ከአጠገባቸው አልተለየም። ይህን ጀግንነት ለዓለም ከነገሩት መካከል ሊወጓቸው የመጡት የእንግሊዝ መኮንኖችና ጸሐፊዎች ይገኙባቸዋል። እነዚያ ሰዎች የንጉሡን ጥፋት እንደ ጻፉ ክብራቸውንም ጽፈዋል፤ እኛም በዚህ ደስ ይለናል። ጠላት ስለ እኛ የጻፈውን እውነት በደስታ የምንቀበል ከሆነ፥ እኛም ስለ ጠላት እውነቱን ለመናገር ምላሳችን ሊከብድ አይገባም።

ከመጨረሻ በፊት ስለ አገራችን ባሕር ኃይል ጥቂት ልናገር። ራስ ደስታ ዳምጠው በደቡብ ግንባር ከወራሪው ጋር ሲዋጉ ቆይተው የካቲት 17 ቀን 1929 ዓ.ም. በኢጣልያኖች እጅ ተገደሉ። ያን ጊዜ ልጃቸው እስክንድር ገና ሕፃን ነበሩ። ኢትዮጵያ በ1940ዎቹ ዓመታት ማብቂያ ባሕር ኃይል ባቋቋመች ጊዜ፥ በምፅዋ ወደብ፥ የኑሎ ጓደኞች በነበሩበት በዚያው ውኃ ላይ፥ የባሕር መኮንኖች ትምህርት ቤት ተከፈተ፤ የኖርዌይ መኮንኖችም አስተማሩበት። ልዑል እስክንድር ደስታ የሪር አድሚራልነት ማዕረግ ደርሰው ባሕር ኃይሉን ለብዙ ዓመታት መሩ። በ1954 ዓ.ም. ኢትዮጵያ የተባለችው መርከብ ከአሜሪካ ተገኝታ የባሕር ኃይሉ ትልቋ መርከብ ሆነች። አባቱን የገደለው ሠራዊት በገባበት ወደብ ልጁ የኢትዮጵያን ሰንደቅ ዓላማ በመርከብ ላይ ሰቀለ ማለት ነው። እኒህም ልዑል ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም. ከሌሎች ሹማምንት ጋር ያለ ፍርድ ተገደሉ፤ ይህን ያደረገው የውጭ ጠላት ሳይሆን የገዛ ወገናችን ነበረ። ስለዚህም ግፍን የባዕድ ብቻ፥ ክብርንም የራሳችን ብቻ አድርጎ መከፋፈል እንደማይቻል የገዛ ታሪካችን ይመሰክራል። ኤርትራ በ1985 ዓ.ም. ነፃ መንግሥት ከሆነች ወዲህ ኢትዮጵያ የባሕር ጠረፍ የላትም፤ ባሕር ኃይሉን እንደገና የማቋቋም ሥራ ግን ከ2010 ዓ.ም. ወዲህ ተጀምሯል።

መምህራን ሆይ፥ ይህን ታሪክ ስታስተምሩ ከጣና ጀምሩ። ልጁ ታንኳ ከደንገል እንዴት እንደሚታሰር፥ በማዕበል ጊዜም ቀዛፊው ምን እንደሚያደርግ ያውቃል፤ ከዚያ ወደ ትልቁ መርከብ ማሻገር ቀላል ነው። ካርታ ዘርግታችሁ ስዊዝን፥ ምፅዋን፥ ከረንን፥ ቁልቋል በርንና ደብረ ታቦርን በጣቱ ያስነኩት። ሽማግሌዎች ሆይ፥ እናንተ ደግሞ በዚያ በ1933 ዓ.ም. ክረምት በዚህ አገር የሆነውን፥ ከአባቶቻችሁ የሰማችሁትን ለተማሪዎቹ ንገሯቸው፤ እነሱም ይጻፉት። ያዩት ሰዎች ወደ ማለቁ ናቸው፤ ያልተጻፈ ነገርም ከሽማግሌው ጋር ይቀበራል። ስትነግሯቸውም የወገንን ብቻ ሳይሆን የጠላትንም፥ የድሉን ብቻ ሳይሆን የጥፋቱንም ንገሯቸው።

ልጆቻችን ግፍን የሚጠሉ፥ ሰውን ግን በሥራው የሚመዝኑ፥ በተሾሙበት ሥፍራ ሁሉ ከውኃው መጨረሻ የሚወጡ ይሆኑ ዘንድ እግዚአብሔር ይርዳን።